የተናኘወርቅ ቤትና የሐጂ ጀለቢያ

ተናኘወርቅ ከመተማ ወደ ሱዳን ተሻግራ የሰው ሰሊጥ ማረም ከጀመረች አሥራ አንድ ዓመት ሆናት። በዚህ ሁሉ ዓመት ቤቷ ራኩባ ነበር። ራኩባ ማለት አራት እንጨትና ሣር ነው፤ ሲዘንብ ከውጭው ይልቅ ውስጡ ይረጥባል።

ከካርቱም የሸሸው ሁሉ ገዳሪፍ ገብቶ ኪራይ ቤት በጠፋበት ዓመት፣ ሐጂ ሱፊያን የሟች አጎታቸውን የጡብ ቤት ማሽላ ሊያከማቹበት አሰቡ። ዘጠኝ ዓመት ከፍየልና ከሌሊት ወፍ በቀር የገባበት የለም። ተናኘወርቅ ሰማችና ሄደች።

«ሐጂ፣ ለእኔ ያከራዩኝ። ጠርጌ፣ ጣራውን አድሼ እገባበታለሁ።»

«ከዚያ ቤት ሰይጣን ራሱ አስነጥሶት ወጥቷል!» ብለው ሳቁ። «በይ፣ ጁምዓ እመጣለሁ። ሳላስነጥስ አንድ ብርጭቆ ሻይ ከጨረስሁ ግቢበት። ካስነጠስሁ የማሽላ ነው።»

«ወላሂ ይበሉኝ።»

ማሉላት። እሷ ክርስቲያን ናት፤ ወላሂን ግን ሰው ማስማል ታውቅበታለች።

ቻላቸውንና ሌሎች ሦስት የእርሻ ጓደኞቿን ጠራች። በሩን ምስጥ በልቶት ስለነበር ለመግባት ቁልፍ አላስፈለጋቸውም። ሌላ ሥራ ስለማያውቁ እንደ ሰሊጥ አረም ጎን ለጎን ተሰልፈው፣ ተንበርክከው፣ በመደዳ ገቡበት። አፈሩን በአካፋ ዛቁ፣ ግድግዳውን በአመድና በአሸዋ ፈተጉ። ሰባት ጋሪ ቆሻሻ ወጣ፤ በስምንተኛው አህያው እምቢ አለ። ከአሮጌ ሳጥን ሥር እባብ ወጣ፤ ቻላቸው ከእባቡ ቀድሞ ወጣ።

ሐሙስ ማታ ወለሉ እንደ ሰሃን አበራ። የቀሩት የሌሊት ወፎቹ ናቸው። ጁምዓ ጧት ተናኘወርቅ በአገሯ ዘዴ ፍም ላይ በርበሬ ነሰነሰችላቸው። ወፎቹ ወጡ። ቻላቸውም ወጣ። ሰፈሩም ወጣ።

ሐጂ ሱፊያን ገቡ።

ሊሰግዱ ሲሄዱ ነው የመጡት፣ ጀለቢያቸው እንደ ወተት። ዱካ ላይ ተቀምጠው ሻዩን አንድ ጊዜ ፉት ብለው ብርጭቆውን እንዳስቀመጡ አስነጠሱ። ደገሙ። በሦስተኛው ከነዱካው በጀርባቸው ወለሉ ላይ ተዘረሩ።

«አበቃ!» አሉ እንደተጋደሙ። «የማሽላ ነው!»

የቤቱ ጎረቤት ሉብና በአጥሩ በኩል እያስነጠሰች፣ «ሐጂ፣ የእኔም ቤት የማሽላ ሊሆን ነው?» አለች።

ተናኘወርቅ አነሳቻቸው። «ያስነጠስዎት በርበሬ ነው። እኔ የጠረግሁት አቧራ ነው። አቧራ ካለ ጀለቢያዎ ላይ ያሳዩኝ።»

ሐጂ ዞሩ፣ ተጠማዘዙ። የራስን ጀርባ ማየት ከባድ ነው። ሉብና ገብታ ከትከሻ እስከ ተረከዝ፣ እንደ ሐኪም፣ መረመረቻቸው።

«ሐጂ፣ ከቤትዎ ሲወጡም እንዲህ ነጭ ነበሩ? እዚህ ወድቀው የነጡ ይመስለኛል።»

 ሐጂ የተረፈውን ሻይ በአንድ ትንፋሽ ጨልጠው ቁልፉን ከኪሳቸው አወጡ።

«ጣራውን ከዝናቡ በፊት አድሺው» አሉና አስነጠሱ።

«ይማርዎት» አለች፣ ቁልፉን ቀድማ ተቀብላ።

ቤቱ በር የለውም። ተናኘወርቅ ግን ቁልፉን ከማተቧ ጋር አንገቷ ላይ አሰረችው።