የማኅደረማርያም ፔዳል ነዘረ

ማኅደረማርያም አንዱን ቀን በደህና ውላ ለመግባት ሁለት መቶ ሰማንያ ብር ይበቃታል። ከሰፈሯ ከጠባሴ እስከ ሱቋ የባጃጅ ደርሶ መልስ ሠላሳ፣ ልጇን ለምታውልላት ለእትዬ ወለተ ሥላሴ መቶ፣ የምሳ ሽሮ ዘጠና፣ ለብየዳ ለምታቀልጠው ሽቦ ደግሞ ስልሳ። ይህ ታዲያ ባትሪ ካልገዛች ነው። ያቺ አራት ማዕዘን ባለ ዘጠኝ ቮልት ባትሪ ብቻዋን የሁለት ቀን ምሳ ትበላለች።

ባትሪዋን የሚጨርሰው ፔዳል ነው። ፔዳል የሚባለው ጊታር ተጫዋች በእግሩ የሚረግጠው፣ መዳፍ የምታህል ሳጥን ነው፤ ጊታሩና አምፕሊፋየሩ መካከል ገብቶ ድምፁን ያሻክረዋል። ማኅደር እንጀራዋ ከሪሲቨርና ከቴሌቪዥን ጥገና ቢወጣም ልቧ ያለው እሱ ላይ ነው።

ነገሩን ያመጣባት ሙክታር ነው። ሙክታር የአሊዩ አምባ ልጅ ነው፤ ደብረ ብርሃን ውስጥ በአንድ የሆቴል ባንድ ውስጥ ጊታር ይጫወታል። ባንዱ ባለ አምፖል አሮጌ አምፕሊፋየር ነበረው። ውስጡ አውራ ጣት የሚያካክሉ የመስታወት አምፖሎች ተደርድረዋል፤ እስኪሞቁ ያስጠብቃሉ፣ ከሞቁ በኋላ ግን ጊታሩን ወፈር፣ ሻከር አድርገው ያስጮኹታል። ባለፈው ኅዳር የመጨረሻው አምፖል ተቃጠለ። መለዋወጫው መርካቶም አልተገኘ። በምትኩ የተገዛው አዲሱ አምፕሊፋየር የጊታሩን ድምፅ እንደታጠበ ብርጭቆ አደረገው፤ ይጠራል፣ ሥጋ ግን የለውም።

የባንዱ ኃላፊ ጋሽ ኃይለ ገብርኤል ብዙ አልተናገሩም። «ሁዳዴ ገባ፣ ሥራ የለም» አሉት ሙክታርን። «ለፋሲካ ሰሞን ሠርግ ያንን ድምፅ ካመጣህ አመጣህ። ካላመጣህ ኪቦርዱ ያንተንም ድርሻ ይጫወታል።»

ሙክታር በስልኩ የቀዳውን የድሮ ድምፅ ይዞ ማኅደር ዘንድ መጣ። እሷ አምፕሊፋየሩ ሲሠራ አንድም ቀን አልሰማችም።

«ላላየኋት ሙሽራ ልብስ ልሰፋ ነዋ» አለችው።

«ልኳን እኔ እነግርሻለሁ።»

ነገራትም። የመጀመሪያውን ፔዳል ረግጦ፣ «ጣሳ ውስጥ ተርብ ገብቷል» አለ። ሁለተኛውን፣ «አሁን ደግሞ የጋለ ዘይት ላይ ውሃ ጠብ አለ።» ሦስተኛውን አንዴ ረግጦ ገመዱን ነቀለ።

በደብረ ዘይት እሑድ አንኮበር ወላጆቿ ዘንድ ወረደች። አባቷ መሪጌታ ኪዳነወልድ በገናቸውን እየቃኙ ነበር። ከእያንዳንዱ አውታር ሥር እንዝራ የሚሏት ቁራጭ ቆዳ አለች፤ እሷን በጥፍራቸው ገፋ፣ መለስ ያደርጋሉ። ማኅደር ይህን እያየች ነው ያደገችው፤ ልብ ብላ ያየችው ግን ያን ቀን ነው።

«አባዬ፣ ቆዳዋን ለምንድን ነው የሚገፏት?»

«እንዲነዝር ነዋ። ያለሷ አውታሩ ያወራል እንጂ አያለቅስም።»

«ጥብቅ ቢያደርጓትስ?»

«ይታነቃል። ካራቅኋት ደግሞ ይደርቃል። ቆዳዋ አውታሩን መንካት እንጂ መያዝ የለባትም። ቀስ ብለሽ ስትነኪው ጭምት ነው፤ ጠንከር ስትይበት ይነዝራል።» ወደ ጓዳ ገልመጥ አሉና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ልክ እንደ እናትሽ።»

ማኅደር የሳቀችው ዘግይታ ነው። የእሷ ፔዳል ድምፁን ነክሶ ይዞ ነበራ! ጊታሩ ቀስ ተብሎ ተመታ በኃይል፣ ለእሱ ሁሉም አንድ ነው፤ ያንቀዋል። ሰኞ ሱቋን ከፍታ የድምፁን ጫፍ ከሚቆርጡት ዳዮድ የሚባሉ ሁለት ጥቃቅን ዕቃዎች በአንደኛው ወገን ሦስተኛ ጨመረች፤ ጥቂት እንዲያሳልፍ። የመጀመሪያውን ማጉያም ቀነሰችው። ከአሮጌ ዲቪዲ ማጫወቻ ቆርቆሮ ሳጥን ሠርታ ዘጋችው።

«ይኸው፣ እንደ አባቴ በገና ይነዝራል» ብላ ሰጠችው።

«ለሠርግ በገና? ወላሂ፣ ሙሽሮቹ ንስሐ ይገባሉ» አለ ሙክታር።

የሱቋ ስፒከር ትንሽ ስለሆነች ቁርጡ የሚታወቀው ሆቴሉ አዳራሽ ነው። ፋሲካ አልፎ ሐሙስ ልምምድ ተያዘ፤ ለዳግም ትንሣኤ መዘዞ ላይ ሠርግ አለ። ማኅደር የሰው ቴሌቪዥን ፈታ ስለነበር አልሄደችም። ወደ ዘጠኝ ሰዓት ግድም ስልኳ ጠራ፤ ሙክታር ነበር።

«ማኅደር፣ ነዘረ! ነዘረ እኮ ነው የምልሽ—»

ተቋረጠ። መልሳ ብትደውል አይነሳም።

ይህ ቃል ሁለት ፍቺ አለው፤ ኤሌክትሪክ የያዘው ሰውም የሚለው ይህንኑ ነው። ዘጠኝ ቮልት ሰው እንደማይጎዳ ታውቃለች። ግን ፔዳሉ ከአምፕሊፋየሩ ተያይዟል፣ አምፕሊፋየሩ ከግድግዳው፤ የዚያን ሆቴል ግድግዳ ሽቦ ፈጣሪ ይወቀው። የጊታሩ ክር ብረት ነው፣ የሙክታር ጣቶች ደግሞ ክሩ ላይ ናቸው። የተፈታውን ቴሌቪዥን ትታ፣ ሱቁንም ሳትዘጋ ባጃጅ ውስጥ ገባች። ሙክታር አንድ ነገር ከሆነ ግድግዳውን የሚከስ የለም፤ «የሴትየዋ ሳጥን ገደለው» ነው የሚባለው። ከሁሉ በላይ ግን፣ ሙክታርስ?

የአዳራሹን በር ስትከፍት ሙክታርን ጎንበስ እንዳለ አየችው። ዓይኑን ጨፍኗል፣ ጥርሱን ነክሷል፣ ትከሻው ይንቀጠቀጣል። ነጠላዋን እጇ ላይ ጠቅልላ የአምፕሊፋየሩን ሶኬት ከግድግዳው ነቀለችው።

አዳራሹ ጸጥ አለ።

«ምን ሆነሻል?» አለ ሙክታር ዓይኑን ገልጦ።

«ነዘረኝ አላልክም?»

«ነዘረ አልኩ እንጂ ነዘረኝ መቼ ወጣኝ? ያንቺው ቃል ነው። የአባትሽ በገና። ጋሼ ‹ጀምሩ› ሲሉን ነው ስልኩን የዘጋሁት።»

ከበሮ መቺው ዱላውን ጥሎ ሳቀ። ጋሽ ኃይለ ገብርኤል አልሳቁም። «የሠራችው ይቺ ናት?»

«እሷ ናት፣ ጋሼ።»

«እንግዲያው የነቀልሽውን ሰኪዋ። ከመሃል ነው ያቋረጥሽን።»

ማኅደር ግን ከመሰካቷ በፊት ቴስተሯን ከኪሷ አውጥታ መስመሩን ለካች። ከመጣች ላይቀር። ደህና ነበር። ሙክታር በስሱ ሲነካው ጊታሩ ጠርቶ ተሰማ፤ ጠንከር ሲልበት ከሥሩ ነዘረ። ደረቷ ላይ ተሰማት።

«የድሮዋ ድምፅ አይደለችም» አሉ ጋሽ ኃይለ ገብርኤል። ሙክታር አንገቱን ደፋ። «ከመቶ ሰማንያ እጅ ግን ናት። ለእሑዱ ጊታሩ ይኖራል፤ ኪቦርዱ ከጎኑ ይሁን።»

ሙክታር መዘዞ ሄዶ ተጫወተ፤ ቦታውም ጸና። ከደብረ ሲናም አንድ ጊታር ተጫዋች ሰምቶ ፔዳል አዟታል። ማኅደርን ግን የቀረችው ሃያ እጅ ትቆረቁራታለች። ምን እንደጎደለ የምታውቀው ከሰው አፍ ነው እንጂ የእውነተኛውን አምፖል ድምፅ በጆሮዋ አልሰማችም።

ስለዚህ ይህን ለምታነቡ ልመና አላት። በአባታችሁ ጓዳም ሆነ በተዘጋ ቡና ቤት ውስጥ፣ የመስታወት አምፖል ያለው አሮጌ አምፕሊፋየር ወይም ራዲዮ ካለ ለቁራሌው አትስጡት። ልግዛው አትልም፣ አቅሙም የላትም። ያለበት ድረስ ራሷ ትመጣለች፤ ብልሽቱም ከእጇ ካላለፈ በነጻ ትጠግንላችኋለች።

«ግማሽ ቀን ብቻ አሰሙኝ» ነው የምትለው። «አምፖሉ ተቃጥሎም ከሆነ፣ ሲሠራ የሰማ ሰው ካለ ከእሱ ጋር አገናኙኝ።»