የሐይቁ ጤዛ

ዛሬ ጠዋት የልብስ እጣቢውን ይዤ ጓሮ ወጣሁና ደረቁ ቀይ አፈር ላይ ደፋሁት። የሰማያዊው ሳሙናና የድንች ቅጠል ሽታ ተቀላቅሎ አፍንጫዬ ሲደርስ፣ የያዝኩት ባልዲ የእናቴ ባልዲ መሰለኝ። ኮሮና ካምፓላን ለሁለተኛ ጊዜ ዘግቷት፣ ኮሎሎ ያለው ቢሮዬ ተቆልፎ፣ በዚህ ዕድሜዬ ጓዜን ጠቅልዬ ሐይቁ ዳር ጋባ ወዳለው አባቴ ቤት ገብቻለሁ። እናቴ ካረፈች ሁለት ዓመት አለፈ።

እዚህ አገር ስንመጣ የሰባት ዓመት ልጅ ነበርኩ። አባቴ ቀድሞ መጥቶ ናኪቩቦ አጠገብ የመኪና መለዋወጫ ሱቅ ከፍቶ፣ ይህንኑ ቤት ተከራይቶ ጠበቀን። እናቴ አገሩን ገና ከአውሮፕላን ስትወርድ አልወደደችውም፤ ሙቀቱም፣ ትንኙም፣ ጎረቤቱ ሁሉ ሳያውቃት ሰላም ማለቱም አናደዳት። እንደምንም ራሷን አጽናንታ የመጀመሪያዎቹን እንግዶች ጠራች። ቀኑ ረቡዕ ነበርና ድንች ወጥ ልትሠራ አሰበች፤ ገበያ ወርዳም ባላት እንግሊዝኛ «ፖቴቶ» ብላ ጠየቀች። ሻጯ በደስታ ሞላችላት። እዚህ አገር ፖቴቶ ሲባል ስኳር ድንች መሆኑን፣ የእኛው ድንች ደግሞ «አይሪሽ» እንደሚባል ማን ይንገራት? ሽንኩርቱን በደንብ አቁላልታ፣ ከአገር ቤት ያመጣችውን በርበሬ ሳትሰስት ጨምራ የደከመችበት ወጥ እንደ ሻይ ጣፈጠ። እንግዶቹ ጨዋዎች ስለነበሩ «እጅሽ ይባረክ» እያሉ ጎረሱ፤ አንደኛው ብቻ ቶሎ ቶሎ ውሃ ይጠይቅ ነበር።

እነሱ እንደወጡ እናቴ አለቀሰች። ድንቹ እንኳ በሚያታልልበት አገር ልጄን አላሳድግም፣ መስከረም ላይ ትምህርት ሳይከፈት ልጄን ይዤ አዲስ አበባ እመለሳለሁ ብላ ቁርጡን ተናገረች። አባቴ ሲጨንቀው የሚቀልድ ሰው ነውና፣ ለእንቁጣጣሽ ከዚህ ጓሮ የበቀለ እውነተኛ ድንች እንደሚያበላት፣ ካልሆነለት ግን ሻንጣችንን ራሱ ተሸክሞ እንደሚሸኘን ማለላት። እሷም እንባዋን ጠርጋ እሺ አለች። እነሱ ሳቁ፤ እኔ ግን እናቴ ስትቆርጥ ምን እንደምትመስል አውቅ ስለነበር፣ አባቴን ትተነው ልንሄድ ነው ብዬ አመንኩ።

አባቴ የፒያሳ ልጅ ነው። ስለ እርሻ የሚያውቀው ነገር ቢኖር ድንች ሰኔ ሲገባ እንደሚተከል ብቻ ነበር። ያቆጠቆጠ አይሪሽ ፈልጎ፣ የሱቅ ሱሪውን ጠቅልሎ፣ ሰኔን ጠብቆ ተከለ። አከራያችን በአጥሩ ላይ ብቅ ብላ «ሴቦ፣ ጌታዬ፣ ዝናቡ እኮ አበቃ!» ብትለው፣ ሰማዩን ቀና ብሎ አየና «ሰኔ ነው» አላት። ሰኔ ምን እንደሆነ ሴትዮዋ እስከ ዛሬ የገባት አይመስለኝም። በእኛ አገር ሰው ጃንጥላ በሚፈልግበት ወር ካምፓላ አቧራ እንደምትለብስ ለአባቴ ያስረዳው የለም፤ ቢያስረዳውም አይሰማም።

ሐምሌ ገባ፤ ጠብታ የለም። ቧንቧው ቀን ቀን እየሳለ አየር ብቻ ይተፋል፣ ለመጠጥ የምንገዛው የጀሪካን ውሃ ነው። አባቴ ግን ክረምት ላይ ድንች ማጠጣት ዝናቡን ማስቀየም ነው ብሎ አሻፈረኝ አለ። ቅጠሉ ተጠቀለለ፤ ከቅጠሉ ሥር ክሽክሽ የሚሉት ጥቃቅን ተባይ ወረረው፤ ለጋውን ግንድ ትል እየቆረጠ ይጥለዋል። ማታ ማታ ከሱቅ ሲመለስ ሳይቀመጥ ጓሮ ይወጣና እንደታመመ ዘመድ አጠገባቸው ቁጢጥ ብሎ ያያቸዋል። እኔም በመስኮት እሱን አያለሁ።

አንድ ቀን ከሰዓት፣ እሱ ሱቅ እያለ፣ ያንን ጓሮ በዓይኔም አላየው ብላ የዛተችው እናቴ የልብስ እጣቢ በባልዲ ይዛ ስትወጣ አየኋት። እያንዳንዱን ሥር እያጠጣች፣ ክሽክሹ እንዲሞት ቅጠሉን በሳሙናው ውሃ እየረጨች፣ ትሉ እንዳይጠጋ ከከሰል ምድጃው ያወጣችውን አመድ በግንዱ ዙሪያ ነሰነሰች። ፈጽሞ የጠወለገውን አንዱን፣ በሽታው ወደ ሌሎቹ እንዳይጋባ ከነሥሩ ነቅላ ከቆሻሻው ጋር አቃጠለችው። ዞር ስትል አየችኝና ጣቷን ከንፈሯ ላይ አደረገች።

ማታ አባቴ አፈሩን ነካ አድርጎ ጮኸ፤ የሐይቁ ጤዛ ነው፣ ሐይቅ አጠገብ የሚኖር ሰው ዝናብ አያስፈልገውም ብሎ ለረጅም ጊዜ አስተማረን። እናቴ ከምትለቅመው ምስር ላይ ቀና ሳትል «ተመስገን በል» አለችው። ከዚያ ወዲህ ጤዛው አልቀረም።

ለእንቁጣጣሽ ድንቹ ተቆፈረ። ትልቁ የዶሮ እንቁላል ቢያክል ነው፤ ሁሉም ተሰብስቦ አንዲት ድስት በጭንቅ ሞላ። እናቴ ሠርታ ቀመሰችና ጨው አንሶታል አለች። ከዚያም ለሚቀጥለው ዓመት ከአጥሩ ሥር ጎመን ቢጨመር እንደሚሻል ተናገረች። የመሄድ ወሬ በዚያው ቀረ፤ እኔም ያን ቀን ሦስት ጊዜ አስጨምሬ በላሁ።

አባቴ ከዚያ በኋላ በየዓመቱ ሰኔን ጠብቆ ተክሏል፤ ጤዛውም በየዓመቱ መጥቷል። እናቴ ካረፈች ወዲህ ግን ድንቹ ሁለት ክረምት ተቃጠለበት። ዘንድሮም ተከለ። እኔ ድንቹን ሳይሆን እሱን ነው ያየሁት፤ ሐምሌ ሲገባ ድምፁ እያነሰ፣ ጓሮ መውጣቱን እየተወ ሄደ። ለዚህ ነው እሱ ሳይነሳ ባልዲ የማነሳው።

ዛሬ ግን ባልዲውን ሳላስገባ ደረሰብኝ። ከዘራውን ተደግፎ መጣ፣ እንደምንም ጎንበስ ብሎ አፈሩን ነካና ጣቱን አሸተተ። እኔ ባልዲውን ከኋላዬ ደብቄ፣ «አባዬ፣ የሐይቁ ጤዛ ተመልሶ መጣ መሰለኝ» አልኩት።

በጣቱ የያዘውን ጭቃ ሳይጠርግ ወደ ድንቾቹ ዞረ።

«የእናትሽም ጤዛ» አለኝ፣ «እንዲሁ ሳሙና ሳሙና ይሸት ነበር።»