ዓይኗን ገልጣ የምትተኛዋ ጥንቸል

በ1979 ዓ.ም. ኅዳር፣ ጤፉ ታጭዶ ሳይከመር፣ ታጣቂዎች ጎህ ሳይቀድ ቤታችን ገብተው ትልቁን ልጄን ለውትድርና ወሰዱት። ሁላችንም ተኝተን ነበር። ከዚያች ዕለት ወዲህ የአሥር ዓመቷ ልጄ እንቅልፍ ተወች። በሩ ሥር ትቀመጣለች፤ ከእኛ አንዱ ከወጣ እስኪመለስ እህል አትቀምስም። ዓይኗ ቀልቶ አበጠ። በሦስተኛው ሳምንት መናገርም ተወች።

ፍርሃት ሰውን በሽተኛ እንደሚያደርግ ያን ጊዜ አላውቅም። መንፈስ ነው ብዬ ከደብረ ታቦር ተነሥቼ ከጋሳይ ወዲያ ወዳለ ጸበል ወሰድኋት።

አጥማቂው አባ ውኃውን እያፈሰሱባት መስቀሉን ግንባሯ ላይ ጫኑ።

«ማነህ? ስምህን ተናገር!»

ደግመው ጠየቁ።

«ጥንቸሏ ነኝ» አለች።

ሕዝቡ እልል አለ። «ለፈለፈ! ለፈለፈ!»

«ስንት ናችሁ?»

«ስድስት ነበርን። ተኝቼ አንዱን ቀበሮ ወሰደው።»

«ወይ ጉድ!» አለች ከኋላዬ የቆመች ሴት። «እኔን አንዱ ሰባት ዓመት አንገላታኝ፤ ይቺ ሚጢጢ ስድስት ተሸክማ ነው የምትዞር?»

ሰው ሳቀ። እኔ ግን ቃሉን አወቅሁት። ተረቱን የነገርኋት እኔ ነኝ። ጥንቸሏ ስድስት ልጆች ነበሯት፤ አንድ ቀን ብታንቀላፋ ቀበሮ አንዱን ወሰደባት፤ ከዚያ ወዲያ ዓይኗን ገልጣ ትተኛለች። ልጆቼ ንቁ እንዲሆኑ እያሳቅሁ ያወራሁት ነው። ቤታችንም ስድስት ነበርን።

አሁን ሳስበው ያቺ ጥንቸል ብልህ አልነበረችም፤ ታማ ነበር። በተረቶቻችን ውስጥ እንዲህ ያለ በሽተኛ ስንት አለ! የገዛ ጥላውን የሚሸሽ፣ ወንድሙን ሁሉ የሚጠረጥር። እኛ ስቀን አለፍናቸው። ልጄ ግን ዛሬ የልጆች እናት ሆናለች፤ ተመስገን።

ያን ዕለት ሰው ፊት መናገር አፈርሁ። አባ «የቀሩት አምስቱ እስኪወጡ ትታሰር» ሲሉ ዝም አልሁ። እግሯን በሰንሰለት ካረፍንበት መጠለያ ምሰሶ ጋር አሰሯት። አላለቀሰችም። ሰንሰለቱ በሩ ድረስ እንደማይደርስላት ስታይ ብቻ፣ «እማ፣ በሩን ማን ያያል?» አለችኝ።

በማግስቱ ጠዋት ጥምቀቱ ሳይጀመር አባ እግር ላይ ወደቅሁ።

«አባቴ ይፍቱኝ። ትናንት እያወቅሁ ዝም አልሁ። ሰይጣን አይደለም፤ እኔ የነገርኋት ተረት ነው።»

«የምን ተረት?»

ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገርኋቸው። የወንድሟንም መወሰድ ነገርኋቸው። አልሳቁም። «እግዚአብሔር ይፍታሽ» ብለው ቁልፉን በእጄ አስጨበጡኝ። ሌላ ሰው ቢሆን ባላመነኝ፤ ነፍሳቸውን ይማር።

ሰንሰለቱን ፈትቼ ራሷን ጭኔ ላይ አስተኛሁ።

«ተኚ፤ እኔ አያለሁ» አልኋት።

ዓይኗን አልከደነችም። ፊቴን ወደ መንገዱ አዙሬ ተቀመጥሁ።