ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞረው ጭላዳ

ባለፈው ቅዳሜ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ፣ መንዝ፣ መሐል ሜዳ ከተማ አጠገብ ባለው የእናቴ አሮጌ ቤት ውስጥ፣ ግድግዳ ላይ የተለጠፈ አንድ የፓርክ ፖስተር ማላቀቅ ጀመርን። የሣር ክዳኑ በዋዜማው ወርዷል። ወንድሜ በቦታው የቆርቆሮ ቤት ሊሠራ ስለሆነ ግድግዳው የሚቆየው እስከ ከሰዓት በኋላ ብቻ ነበር። እርጥብ ጨርቅ ወረቀቱ ላይ ሳሳርፍ የጭቃና የጭድ፣ የጢስና የገብስ ዱቄት ሽታ አንድ ላይ ተነሣ።

በልጅነቴ ያ ሽታ የዘመን መለወጫ ሽታ ነበር። ክረምቱ ሊወጣ ሲል እናቴ የገብስ ዱቄት በውኃ አፍልታ ማጣበቂያ ትሠራና፣ ከመሐል ሜዳ ሱቆች የለመነችውን የዓመቱን አሮጌ ጋዜጣ ባምናው ላይ ትለጥፋለች፤ ብርዱን ይከላከላል፣ ምርጊቱም እየተራገፈ አልጋ ላይ አይወድቅም። ማንበብ ስለማትችል ፎቶ የሌለበትን ገጽ ላይና ታቹን ሳትለይ እንዳገኘች ነበር የምትለጥፈው። እኔም ፊደል የቆጠርኩት ከተዘቀዘቀ ጋዜጣ ላይ ነው፤ ትምህርት ቤት ስገባ መጽሐፉን ገልብጬ ይዤ አስተማሪዬን ለብዙ ቀን አሥቄያለሁ።

ጋሼ ታደሰ የእናቴ ታናሽ ወንድም ነው። ስሜን ተራሮች ፓርክ በጠባቂነት የተቀጠረው ገደልና ብርድ የለመደ ሰው ሲፈለግ ነበር፤ ለመንዝ ልጅ ሁለቱም አዲስ አይደሉም። በየዓመቱ ለጥምቀት ሲመጣ የጠመንጃ ዘይትና የረጠበ ሱፍ የሚሸት ካኪ ቦርሳውን መሬት ላይ ይዘረግፈዋል፦ የተቀደደ የመግቢያ ቲኬት፣ ጎብኚዎች የተዉት ፖስት ካርድ፣ የቁልፍ መያዣ፣ ዋልያ የተቀረጸበት የብረት ባጅ። ከእህት ወንድሞቼ ጋር ተሻምቼ የደረሰኝ ባጅ ቀንዱ ላይ ቀለሙ የተላጠ ነበር፤ ዛሬም አለኝ። በእሱ የጀመረ አመል አልለቀቀኝም። ደብረ ብርሃን ባለው ቤቴ የአዋሽ ቲኬቶች፣ የባሌ ቴምብሮች፣ ባለቤት ያጡ የጠባቂ ኮፍያዎች በብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ተደርድረው ተቀምጠዋል፤ አዲስ አበባ ውስጥ አሮጌ ዕቃ የሚሸጡት ልጆችም ከሩቅ ሲያዩኝ «ዋልያዋ መጣች፣ ዋጋ ጨምሩ!» ይባባላሉ።

ፖስተሩ የመጣው ጭላዶች ከጓሳ ገደል ወጥተው የእናቴን ገብስ በእሸቱ በጨረሱበት ዓመት ነው። ጋሼ ታደሰ ተጠቅልሎ የመጣውን ትልቅ ወረቀት ሲዘረጋው፣ ደረቱ እንደ ፍም የቀላ፣ ጎፈሩን ነፋስ የሚያመሰው አንድ ወንድ ጭላዳ ገደል አፋፍ ላይ ተቀምጦ ሁላችንንም አየን። ከኋላው ጠመንጃውን ያነገተ፣ ኮፍያውን ወደ ጎን ያዘነበለ ጠባቂ ቆሟል፤ ጋሼ ታደሰ ራሱ ነው። ጎረቤታችን ጋሽ በየነ ከሣቁ ብዛት ግድግዳ ተደገፉ።

«ገብሱን በልቶ ሲጨርስ ፎቶ ተነሣ? ሌባ እንዲህ ሲከበር አይቼ አላውቅም!»

እናቴ ግን አልሣቀችም።

«እኔ በወንጭፍ ሳባርረው የከረምኩትን አንተ ቤቴ ታስገባልኛለህ?»

«እታለም፣ እሱን ተዪውና እኔን እዪኝ።»

«አንተን ሳይ እሱም አብሮ ያየኛል።»

ይሁን እንጂ ወፍራም ወረቀት መጣል አይሆንላትም። ማጣበቂያውን በጭላዳው ፊት ላይ ቀባችና፣ ጋዜጣው ተልጦ ጭቃው በተገለጠበት ቦታ፣ ሥዕሉን ወደ ጭቃው፣ ነጩን ጀርባ ወደ እኛ አድርጋ ለጠፈችው፤ ጨለማው ቤት መስኮት የተከፈተለት ያህል በራ። ጋሼ ታደሰ ዕንባው እስኪወርድ ሣቀ። «ግድ የለም፣ በሚመጣው ዓመት ብቻዬን የተነሣሁትን አመጣልሻለሁ» አላት።

በሚመጣው ዓመት አልመጣም። በክረምቱ ታሞ እዚያው ሞተ፤ እዚያው ተቀበረ። መርዶውን ይዞ የመጣው ባልደረባው ቀበቶውንና ኮፍያውን አስረከበን፤ ፎቶ አልነበረም። በቤተሰቡ እጅ ሌላ ፎቶ እንደሌለ እኔ ራሴ ዘመድ ሁሉ ጠይቄ አረጋግጫለሁ። ከዚያ ወዲህ እናቴ ጋዜጣ ስትለጥፍ ነጩን ወረቀት እየዞረች ዙሪያውን ብቻ ነው፤ ወረቀቱ በጢስ ቡናማ ሆነ፣ ጠርዙ ተጠቀለለ፣ እሷ ግን ማንንም አላስነካችም። «ይቀደዳል፤ እዚያው ይቀመጥልኝ» ትላለች። እኔ ደግሞ ሌላ ቅጂ ፍለጋ ስባዝን ኖርኩ። የዋልያውንም የቀይ ቀበሮውንም ፖስተር አገኘሁ፤ የጭላዳውን አላገኘሁም።

ቅዳሜ ዕለት እናቴ ጋቢዋን ተከናንባ ክዳን በሌለው ቤት መሐል በርጩማ ላይ ተቀምጣ ታዘኝ ነበር። ዐይኗ ደክሟል፤ ከክንድ የራቀ ነገር አታይም።

«ቀስ በይ! የበግ ቆዳ የምትገፊ መሰለሽ?»

«ቀስ እያልኩ ነው፣ እማዬ።»

«ማን ቀድሞ ታየሽ?»

«ገና ማንም አልታየም።»

«ጭላዳውም ቢሆን ይምጣ። እኔ ይቅር ብዬዋለሁ።»

ወረቀቱ አምስት ሰዓት ገደማ ሳይቀደድ ሙሉውን ለቀቀ። ገልብጬ አየሁት፤ ባዶ ነበር። ቀለሙን በሙሉ ምርጊቱ ወስዶታል፦ ሥዕሉ ግራና ቀኙ ተለዋውጦ ጭቃው ላይ ቀርቷል። ወንድሜ ምርጊቱን ከግድግዳው ድንጋይ በስለት ሊለየው ሲሞክር የጋሼ ታደሰ ፊት ያለበት የላይኛው ክፍል እንደ ደረቀ ቂጣ ተሰነጠቀና ተፈረካክሶ ወረደ። የታችኛውን በሁለት እጁ ደግፎ እናቴ ጭን ላይ አኖረላት። «ታደሰ የቱ ጋ ነው?» አለችኝ። ጣቷን ይዤ አሳየኋት፤ ለረጅም ጊዜም አላነሣችውም።

የተረፈው ቁራጭ ርዝመቱ አንድ ክንድ፣ ስፋቱ አንድ ስንዝር ተኩል ያህል ነው። የጭላዳው ደረት፣ የገደሉ አፋፍ፣ አንድ የጠባቂ ጫማ እስከ ማሰሪያው ድረስ ይታይበታል። ግድግዳው ዘጠኝ ሰዓት ላይ ፈረሰ።