የሚያጉረመርመው ጠረጴዛ

ሽቦ ይሉታል። ሥራ ቀን ሬዲዮና ቴሌቪዥን ይጠግናል፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ሠርግ ላይ ይጫወታል። ሲንተሳይዘር የሚባሉ ሁለት የኤሌክትሪክ ኦርጋኖች አሉት። አዲሱ ቀጭን ነው፤ ቫዮሊን ሁን ሲሉት ቫዮሊን፣ ከበሮ ሁን ሲሉት ከበሮ ይሆናል፤ ተሳስቶም አያውቅም። አሮጌው የልብስ ሣጥን ያህላል፤ ካልሞቀ ቅኝቱን ይስታል፤ ሲያሻው ብቻውን ያጉረመርማል። ሽቦ አዲሱን ያከብረዋል፣ አሮጌውን ይወደዋል።

አማቱ ጉልበታቸውን ለመታከም እነሱ ዘንድ ሊሰነብቱ ሆነ። ሚስቱ ጠባቡን ቤት ዞራ አየችና፣ "ከሁለቱ አንዱ ይሸጣል። እናቴ የት ትተኛ?" አለችው።

"አዲሱ እኮ እንጀራችን ነው።"

"እንግዲያው አሮጌው።"

ሽቦ በአፉ እሺ አለ። በማግስቱ ሚስቱ ከሥራ ስትገባ እስከ ወለል የሚደርስ ጨርቅ የለበሰ የምግብ ጠረጴዛ ጠበቃት።

"ሸጬ ይሄን ገዛሁበት" አላት። እሷም መረቀችው።

አማት በመጡ ቀን ምሳ ቀረበ። ሴቶቹ ሐኪም ቤት ሲሄዱ ሊጫወትበት የቋመጠው ሽቦ፣ ከጨርቁ ሥር የደበቀውን አሮጌውን እንዲሞቅ ብሎ አብርቶታል። ቁልፎቹን የሸፈናቸው ደግሞ ስስ ጣውላ ነው። አማት ክርናቸውን ጠረጴዛው ላይ ጣል አደረጉ።

ጉርርርር።

"ይቅርታ ልጆቼ፣ ሆዴ ነው" አሉ አማት አፍረው።

"ያጋጥማል እማማ" አለ ሽቦ፣ ያ ዓይን አውጣ።

አማት እንደገና ተደገፉ። ጉርርርር። "ይሄስ ሆዴ አይደለም" ብለው ጨርቁን ገለጡት።

ሚስት ባሏን አየችው። "ሸጥኩት አላልክም?"

"ለኛው ነው የሸጥኩት።"

"ዛሬውኑ ይውጣልኝ!"

አማት ግን አልሰሟትም። ጣውላውን አንስተው ወፍራም ድምፅ ያላትን ቁልፍ በጣታቸው ተጫኑ፤ አንዷን ማዞሪያ ነካ ሲያደርጓት ድምፁ በረጅሙ ይወጣ ይወርድ ጀመር። ዓይናቸው እንባ ሞላ።

"የአባትሽ ማንኮራፋት እኮ ነው! እሱ ከሞተ ወዲህ ደህና እንቅልፍ ወስዶኝ አያውቅም።"

እናም አሮጌው ሳይሸጥ ቀረ። አማት አልጋቸው አጠገብ አስቆሙት፤ ቁልፏን እንደተጫነች በፕላስተር አስረው ጥልቅ ያለ እንቅልፍ ይተኛሉ። ባልና ሚስት ጆሯቸው ውስጥ ጥጥ ወትፈው ያድራሉ።

አንድ ቀን ሽቦ ናፍቆቱ አላስችል ቢለው፣ ጥቂት ሊጫወት ጣቱን ዘረጋ። አማት አንድ ዓይናቸውን ገለጡና፣

"ተው ልጄ፣ አትቀስቅሰው" አሉት።