የጋሼ ዝጋው አካውንት

ጋሼ ዝጋው የሚለውን ስም ያወጣላቸው የሆስፒታላችን ሹፌር ነው። ትክክለኛ ስማቸውን ደመወዝ ክፍል ያውቀው ይሆናል እንጂ እኛ በሌላ ጠርተናቸው አናውቅም፤ እሳቸውም እንዳልሰማ ሆነው ኖሩ። ምድር ቤት ያለውን የኮምፒውተር ክፍል ገፋ አድርጎ የገባ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚሰማው «ዝጋው!» የሚለውን ድምፃቸውን ነበር። በሩን ዝጋው፣ ቅዝቃዜው ለማሽኖቹ ነው እንጂ ለኮሪደሩ አይደለም። የማትሠራበትን ገጽ ዝጋው። አፍህን ዝጋው የሚሉበትም ቀን ነበር፣ በተለይ ለሹፌሩ።

ሥራቸው የሆስፒታሉን ኔትወርክ መጠበቅ ነበር። የትኛው ማሽን ከየትኛው ጋር ይነጋገር፣ ማን ወደ የትኛው መዝገብ ይግባ፣ ማን ደጅ ይቁም የሚለውን ደንብ እኛ ፖሊሲ እንለዋለን። ፖሊሲውን የሚጽፉት እሳቸው ብቻ ነበሩ። ስሕተት ቢሠሩ ላቦራቶሪው ከዋርዱ ይቆራረጣል፤ ልክ ቢሠሩ ደግሞ እንደሠሩ የሚያውቅ ሰው የለም። እንዲህ ያለ ሥራ ሰውን ቀስ ብሎ ይበላዋል። እኔም አሁን ገብቶኛል።

በኛ መሥሪያ ቤት ሰው ጡረታ ሲወጣ ወይም ሥራ ሲለቅ በስብሰባ አዳራሹ ሻይና ብስኩት ይቀርባል፣ ዳይሬክተሩ ንግግር ያደርጋሉ። ንግግሩ መሐል ሲደርስ ጋሼ ዝጋው ሲኒያቸውን አስቀምጠው ቀስ ብለው ይወጣሉ። ምድር ቤት ወርደው የተሰናባቹን አካውንት ይዘጉና ተመልሰው ሻያቸውን ይጨርሳሉ። ሰውዬው ብስኩቱን ሳይውጥ ከሲስተሙ ተሰርዟል ማለት ነው። አንዷ አዋላጅ በዚህ አኩርፋ «ምነው ጋሼ፣ ከበሩ እስክወጣ እንኳ ቢጠብቁኝ?» ብትላቸው፣ «ባለቤቱ ሄዶ ክፍት የቀረ አካውንት ማን እጅ እንደሚገባ አይታወቅም። አንቺን ጠልቼ አይደለም» አሏት። እውነታቸውን ነው። ግን እውነትም ቢሆን ሻይ እየተጠጣ ደስ አይልም።

ሥራውን ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። አንድ ነገር እምቢ ሲለኝና ጠረጴዛ መደብደብ ስጀምር ሁልጊዜ የሚሉኝ አንድ ነው፦ «መጀመሪያ ውጪና እንደገና ግቢ። ከዚያ በማን ስም እንደገባሽ እዪ። ከዚያ ሲስተሙ ለዚያ ስም ምን እንደፈቀደለት እዪ። ይሄን ሁሉ አድርገሽ ካልሆነ ያኔ ተሳደቢ።» እኔ ቅደም ተከተሉን ገልብጬ ከስድቡ ስለምጀምር ብዙ ተቆጥተውኛል።

ባለፈው ዓመት ተራው የሳቸው ሆነ። ዳይሬክተሩ ንግግራቸውን ሲያጋምሱ ጋሼ እንደ ልማዳቸው ሲኒያቸውን አስቀምጠው ተነሡ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ፣ አጨበጨብንላቸው። ቆየት ብለው በሌላ ጭብጨባ መሐል ተመለሱ፤ የቀዘቀዘውን ሻይ ጭልጥ አድርገው፣ እጃችንን ጨብጠው ሄዱ። የራሳቸውንም ዘግተው እንደመጡ ማንም አልተጠራጠረም። ወንበሩም፣ ቅዝቃዜውም፣ ማረፊያ የሌለው ስልክም ለኔ ተረፈኝ።

ዘንድሮ ሆስፒታላችን የኩላሊት እጥበት ክፍል ሊከፍት ሆነ። እስከዛሬ ታካሚዎቻችን በአውቶብስ ሌላ ከተማ ድረስ ሄደው፣ ታጥበው፣ አንጀታቸው ተጣብቆ የሚመለሱ ሰዎች ናቸው። ሰኞ እዚሁ እንደሚጀመር ለሁሉም ተነገራቸው። ማሽኖቹ ገቡ፣ ተተከሉ፣ በሩ ላይ ሪባን ሳይቀር ታሰረ። የቀረው ማሽኖቹ ከታካሚዎቹ መዝገብ ጋር እንዲነጋገሩ በፖሊሲው ላይ መፍቀድ ነው። ይሄ ደግሞ የኔ ሥራ ነው፣ ሻይ አፍልቶ የመጠጣት ያህል እንኳ የማይፈጅ። ተቀመጥኩ፣ ጻፍኩ፣ አስቀምጥ የሚለውን ተጫንኩ። «ይህን ለማድረግ ፈቃድ የለዎትም» አለኝ።

ወጣሁና ገባሁ። ፈቃድ የለዎትም። ማሽኑን አጥፍቼ አበራሁ፣ በሌላ ኮምፒውተር ሞከርኩ፣ ለክፉ ቀን ብለን ባስቀመጥነው አካውንት ሞከርኩ። ፈቃድ የለዎትም። ኔትወርኩን እንዳስተዳድር በደብዳቤ የተሾምኩት እኔ ነኝ፤ የሕዝቡን የይለፍ ቃል ስቀይር፣ ፕሪንተር ስቀጥል ነው የከረምኩት። ፖሊሲ የሚያስነካ ነገር ጋሼ ከወጡ ወዲህ አልመጣም ነበርና እምቢ ማለቱን የማውቅበት አጋጣሚም አልነበረኝም። ቆሽቴ አረረ።

የእጥበት ክፍሉ ዋና ነርስ እሳት ለብሳ እሳት ጎርሳ ወረደች።

«ሰኞ ጠዋት ሰዎቹ በራችን ላይ ናቸው። ምን ልበላቸው? ኮምፒውተሩ አኮረፈ ልበላቸው?»

«ትንሽ ጊዜ ስጪኝ» አልኳት።

«አንቺ አይደለሽ እንዴ አስተዳዳሪዋ?»

«እኔ ነኝ። እስቲ አንቺ ንገሪልኝ፣ እኔን አልሰማ ብሎኛል።»

አልሳቀችም። በሩንም ሳትዘጋው ሄደች።

ተሳድቤ ስጨርስ የጋሼ ቅደም ተከተል ትዝ አለኝ። በማን ስም ነው የገባሁት? በራሴ። ለዚያ ስም ሲስተሙ ምን ፈቅዷል? ፖሊሲ መንካት የሚችሉትን አስተዳዳሪዎች ቡድን ከፍቼ አየሁ። ማየት አልተከለከልኩም። ቡድኑ ውስጥ ያለው አንድ ሰው ብቻ ነው፦ ጋሼ ዝጋው፣ ደመወዝ ክፍል በሚያውቀው ሙሉ ስማቸው። እኔ የለሁም። ከመውጣታቸው በፊት በገዛ እጃቸው ሲያስገቡኝ በዓይኔ አይቻለሁ። ከደንቦቹ ሁሉ ግርጌ ወርጄ ስፈልግ አንድ የቆየ ደንብ አገኘሁ። የጋሼን ስም ጠቅሶ «አስተዳዳሪ እሱ ብቻ ነው፤ ሌላ ከተገኘ አስወጣ» ይላል፣ ሲስተሙም ይሄን በየጊዜው እየደጋገመ ይፈጽመዋል። ከዓመታት በፊት የኮምፒውተር ቫይረስ ገብቶብን፣ ማንነቱ ያልታወቀ ሰው ራሱን አስተዳዳሪ አድርጎ ሆስፒታሉ በወረቀት ሲሠራ የሰነበተ ጊዜ የጻፉት ነው። ጋሼ ጽፈውት ረሱት። እኔን አስገብተውኝ እቤታቸው ሳይደርሱ ደንባቸው መልሶ አስወጥቶኛል።

ይሄስ ይሁን። ክው ያደረገኝ ከሱ ቀጥሎ ያየሁት ነው። የጋሼ አካውንት አልተዘጋም። ትናንት ከሰዓት በኋላ አንድ ሰው ከውጭ በሱ ገብቷል። ከትናንት ወዲያም። በየቀኑ፣ ሁልጊዜ ከሰዓት በኋላ። ሌባ ነው ብዬ ቤታቸው ደወልኩ። ባለቤታቸው አነሡት።

«እሱ ነው እንጂ» አሉኝ፣ እንደ ቀላል ነገር። «ከምሳ በኋላ እዚያ ማሽን ላይ ይቀመጣል። ምንም አይነካም፣ ዝም ብሎ ያያል።» ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «የኔ ልጅ፣ አንቺ አላየሽውም። የበሩን ቁልፍ ፍሪጅ ውስጥ ያስቀምጣል። የወንድሙ ስም ይጠፋዋል። በቀደም ከሱቅ ሲመለስ መንገዱ ጠፍቶት ጎረቤት ነው እጁን ይዞ ያመጣው። እዚያ ሲቀመጥ ግን የድሮው ሰውዬ ነው። ያቺን ሰዓት ጠብቆ ነው የሚውለው። አደራሽን፣ እሷን እንዳትወስዱበት።»

ስልኩን ዘጋሁ። ፖሊሲው የሚከፈትልኝ በዚያ አካውንት ብቻ ነው፤ ከተከፈተልኝ በኋላ ደግሞ አካውንቱን መዝጋት ሥራዬ ነው። የአውቶብሶቹ ሰዎች በአንድ ወገን፣ የአንድ ሽማግሌ የከሰዓት ሰዓት በሌላ ወገን። ይሄን የሚፈርድ ሰው ሌላ ቢሆን ምን ነበረበት? ደክሞኝ ነበር። ላፕቶፔን አንጠልጥዬ ሄድኩ።

ቤታቸው ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ኮምፒውተሩ መስኮቱ ሥር ነው ያለው፣ አቧራ እንዳይነካው በጠረጴዛ ልብስ ተሸፍኗል። ጋሼ ከስተዋል፣ የሹራባቸው ቁልፍ ተዛንፏል። «አንቺ ልጅ!» ብለው አቀፉኝ። ስሜን አልጠሩም፤ ጠፍቷቸው እንደሆነ ገባኝ።

«ጋሼ፣ ፖሊሲ ልቀይር ብል ፈቃድ የለሽም ይለኛል።»

ዓይናቸው በራ። «ወጥተሽ ገባሽ?»

«ወጥቼ ገባሁ።»

«በማን ስም?»

«በራሴ።»

«ተሳደብሽ?»

«መጀመሪያውኑ።»

ሳቁ፣ ወንበራቸውን ሳብ አድርገው ተቀመጡ። ጣቶቻቸው ቁልፎቹ ላይ ሲሮጡ ይሄ ሰው መንገድ ይጠፋዋል ቢሉኝ አላምንም ነበር። ቡድኑን ከፈቱ፣ ደንቦቹን ወረዱባቸው፣ ግርጌ ያለችው ላይ ቆሙ።

«ይቺን የጻፋት ደንቆሮ ማነው?»

መነጽራቸውን ከፍ አድርገው እንደገና አነበቡና «እኔ ነኝ» አሉ። «ታዲያ እስከዛሬ አልነገርሽኝም?» ስሜን ከኔ ጠይቀው ደንቡም ቡድኑም ውስጥ ከሳቸው ስም ቀጥሎ አስገቡት። እኔ በላፕቶፔ የማሽኖቹን ፈቃድ ጻፍኩ፣ ተጫንኩ፣ ያለ ምንም ቃል እሺ አለኝ። ለዋና ነርሷ ስደውል «ገባ! ቁጥሩ ይታያል!» ብላ ጆሮዬን ልታደነቁረው ደረሰች። በዚያ ቀን ደስታ የሚባለው እሱ ነበር።

ላፕቶፔን ስከት ጋሼ ገና ስክሪኑን ያያሉ። በጣታቸው የራሳቸውን ስም ነኩት።

«ለዚህ ሰውዬ ሻይ ተጠጥቶለት የለም እንዴ?»

«ጋሼ፣ ይተዉት።»

«ተጠጥቶለታል። ቀዝቅዞ ነበር።» ፊታቸው ላይ ግራ መጋባት የለም፣ ሁሉንም ያውቁታል። «ያን ቀን ወርጄ ልዘጋው ነበር። በገባህበት አካውንት ራስህን መሰረዝ አትችልም አለኝ። ለካ ሌላ ሰው ነው የሚዘጋልህ። አንቺን ልጠራ ደረጃው ድረስ መጣሁ። ጭብጨባውን ስሰማ መጠየቁ አቃተኝ።»

«ደንቡ አሁን ተስተካክሏል። እርስዎ ቢኖሩበት ማንንም አይጎዳም።»

«ለሁሉ ዘግቻለሁ!» ጠረጴዛውን መቱ። «ያቺ አዋላጅ እስክታኮርፈኝ ድረስ ዘግቻለሁ። እኔ ጋ ሲደርስ ነው ደንብ የሚቀረው? ዝጊው።»

ባለቤታቸው በሩ ላይ ቆመዋል። እሳቸውን ማየት አልቻልኩም። ላፕቶፔን መልሼ አውጥቼ የጋሼን ስም መረጥኩና ተጫንኩ። ትንሽ ቆይቶ የሳቸው ስክሪን አስወጣቸው። እጃቸው ቁልፎቹ ላይ እንዳለ ተቀመጡ። «በቃ» አሉ። «ጎበዝ።» ደረጃውን እየወረድኩ አንዱ እርከን ላይ ቁጭ ብዬ እንደ ሕፃን አለቀስኩ።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ባለቤታቸው ደወሉ። ጋሼ ማሽኑ ላይ ተቀምጠዋል፣ አላስገባ ብሏቸዋል፣ ለምን እንደሆነ ረስተዋል፣ ጠረጴዛውን ይደበድባሉ። ዳይሬክተሩ ጋ ወጥቼ ሁሉንም ነገርኳቸው። በስማቸው አዲስ አካውንት ልክፈት፣ ከታካሚ መዝገብ ጋር የማይገናኝ፣ ኔትወርኩን የሚያያይዙትን የስዊቾች መብራት ማየት ብቻ የሚችል፣ ምንም መንካት የማይችል። ዳይሬክተሩ መስኮት መስኮቱን እያዩ «እኔ ምንም አልሰማሁም» አሉ። እሺ ማለታቸው ነው። ከፈትኩላቸው።

የእጥበት ክፍሉ ሰኞ ሥራ ጀመረ። ሪባኑ ሲቆረጥ እኔ ምድር ቤት ነበርኩ፤ የነገረኝ ሹፌሩ ነው።

ከዚያ ወዲህ ከምሳ በኋላ ስልኬ ይጮሃል። ጋሼ አንድ ነገር ሊያስተካክሉ ሞክረው ፈቃድ የለዎትም ብሏቸዋል። አንዳንድ ቀን ወረፋ ቆሞብኝ፣ ሦስት ሰው በአንድ ጊዜ እየጮኸብኝ ነው የሚደውሉት፣ ባላነሣው እላለሁ። አነሣዋለሁ።

«መጀመሪያ ይውጡና እንደገና ይግቡ፣ ጋሼ።»

«ገባሁ።»

«በማን ስም ነው የገቡት?»

ከስክሪኑ ላይ ስማቸውን ከነአባታቸው ያነቡልኛል፣ ረጋ ብለው። ልክ ነው እላቸዋለሁ፣ ፈቃዱ እየታየ ነው እላቸዋለሁ። ደስ ብሏቸው ይዘጋሉ። በማግስቱም ይሄንኑ እንነጋገራለን።

ትናንትም ደወሉ። ውጡና ግቡ አልኳቸው፣ ገቡ። በማን ስም ብዬ ስጠይቅ ስማቸውን አነበቡ።

«ማነው እሱ?» አሉኝ።

ወንበሬን ወደ ግድግዳው አዞርኩ። «እኔን ሥራ ያስተማሩኝ ሰው ናቸው።»

«ወጥቷል?»

«አልወጡም ጋሼ። እዚሁ አሉ።»

ስክሪኑን እያዩ ነበር መሰለኝ።

«እንግዲያውስ እንዳትዘጊው» አሉ።

«አልዘጋውም» አልኳቸው።