ጥሩ መሐላ፣ ነገ ና

ጅጅጋ አስተማሪ ሆኜ ባሳለፍኳቸው ዓመታት እንደ እሑድ ከሰዓት የምወደው ጊዜ አልነበረም። በከተማው አዳራሽ የህንድ ፊልም ይታይ ነበር። እኔ ግን፣ ልዋሽ አልችልም፣ የምሄደው ለፊልሙ ሳይሆን ከፊልሙ በፊት ለሚታየው ማስታወቂያ ነው። ጸሐፊው እኔ ነበርኩና!

እጅ ጽሑፌ ያምራል ይባል ስለነበር ባለሱቆቹ ወደኔ ይመጣሉ። ትንሽ መስታወት ላይ በቀለም እጽፋለሁ፤ የፊልም ማሽኑ ሠራተኛ መስታወቷን መብራቱ ፊት ሲያስገባት ጽሑፌ ግድግዳውን ሞልቶ ይወጣል። ፊት ወንበር የሚይዙት ጫኝና አውራጆች በመሠረተ ትምህርት ፊደል የቆጠሩት ገና በቅርቡ ነው፤ ሶማልኛውንም በእኛው ፊደል ነበር የተማሩት። እናም ማስታወቂያ በወጣ ቁጥር ድምፃቸውን ከፍ አድርገው በኅብረት ያነቡታል። ዳቦ ቤቱን ያነባሉ፣ ሻይ ቤቱን ያነባሉ፣ አንብበው ሲጨርሱ ለራሳቸው ያጨበጭባሉ። ከኋላ የተቀመጡት ወታደሮች «ፊልሙን ጀምሩ!» ብለው ቢያፏጩም የሚሰማቸው የለም። እኔ ደግሞ ጭብጨባው ሁሉ ለእጅ ጽሑፌ ይመስለኝ ነበር።

ጎረቤቴ ልብስ ሰፊ ነበሩ። ከትምህርት ቤት መልስ ሱቃቸው ደጃፍ ተቀምጬ ሶማልኛ ያስተምሩኛል፤ እኔ በአክብሮት «አዴር» እላቸዋለሁ፣ አጎቴ እንደ ማለት ነው። እሳቸው «መዓሊን» ይሉኛል፣ መምህር ሲሉ። በዚያ ከተማ ከልቤ የቀረብኩት ሰው እሳቸው ብቻ ነበሩ። አንድ ዓመል ግን ነበረባቸው፤ ልብስ በቀጠሮው ቀን አያደርሱም። «ነገ ይደርሳል፣ ወላሂ!» ይላሉ። ነገም «ነገ፣ ወላሂ!» ነው። በዚህ ላይ ከድንበሩ ገበያ ከሐርተሼክ ተሰፍቶ ያለቀ ልብስ በየመኪናው መምጣት ሲጀምር ደንበኛው ጭራሽ ራቃቸው።

አንድ ቀን መቀሱን አስቀመጡና «መዓሊን፣ ይሄ ዒድ ያለ ሥራ ካለፈ የስፌት መኪናዬን ጭኜ ድሬዳዋ ልብስ ሰፊው ወንድሜ ጋ እገባለሁ» አሉኝ። «ማስታወቂያ ልሥራልዎት» አልኳቸው። ሳቁና ራሳቸው በሶማልኛ ነገሩኝ፦ «ጥሩ ልብስ፣ ነገ ና።» እሑድ ዝግ ስለሆኑ ሰኞ እንዲመጡላቸው ነው። እኔም በሰማሁት መሠረት «ዳር ወናግሰን፣ በሪ ካለይ» ብዬ አሳምሬ ጻፍኩ። ለማንም አላሳየሁም። ሶማልኛ ችያለሁ ብዬ ተኩራርቼ የለ!

እሑድ ጎን ለጎን ተቀመጥን። መስታወቷ ወጣች። ጫኝና አውራጆቹ እንደ ልማዳቸው ጀመሩ፣ «ዳር…» አሉ፤ ቆም አሉ፤ ከዚያ አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ምን ሆኑ? «ደር» ብዬ በአጭሩ ብጽፈው ልብስ ነበር። «ዳር» ተብሎ ድምፁ ሲረዝም ግን መሐላ ነው። ግድግዳው ላይ በትልቁ የወጣው «ጥሩ መሐላ፣ ነገ ና» ነበር፤ ከሥሩም የአዴር ሱቅ አድራሻ! አንዱ «ወላሂ!» ሲል ሌላው «ቢላሂ!» ይመልሳል። ወታደሮቹ እንኳ ነገሩ ተተርጉሞላቸው እየሳቁ ወንበር መቱ።

አዴር አልሳቁም። ፊልሙ ሳይጀመር ተነስተው ወጡ። እኔ አፍሬ እዚያው ደርቄ ቀረሁ፤ ሰውዬውን በገዛ እጄ ከከተማ ያባረርኳቸው መሰለኝ።

በማግስቱ ክፍል ከመግባቴ በፊት ይቅርታ ልጠይቅ ሄድኩ። ደጃፋቸው ላይ ሰው ቆሟል። ፊት ያሉት ሴትዮ ጨርቅ ታቅፈው፣ «እኔ ዳር አልፈልግም፣ ደር ነው የምፈልገው» ይላሉ፤ የቆመው ሁሉ ይስቃል። አዴር «ሐሙስ ይደርሳል፣ ወ…» አሉና አፋቸውን ገጠም አደረጉ። ሴትዮዋ ጨርቁን ሰጧቸው። እኔን ሲያዩኝ አዴር በመርፌው ጠቆሙኝና «እውነቱን ነው የጻፍክብኝ፣ መዓሊን» አሉ። ቅያሜ ይሁን ቀልድ አልለየሁትም። ሐሙስ ግን የሴትዮዋ ቀሚስ ደረሰ።

መስታወቷን ላርማት ብል «እንዳትነካት!» ብለው ተቆጡ። እሑድ እሑድ እየታየች ቀጠለች። ጫኝና አውራጆቹ ከዳቦ ቤቱም ከሻይ ቤቱም እሷን ወደዱ፤ ገና ሳትወጣ በቃላቸው ይሏታል። አንድ እሑድ ከመካከላቸው አንዱ አዲስ ሸሚዙን ለብሶ ወንበር ላይ ወጣ፤ ደረቱን እየመታ «ደር! ደር!» ሲል አዳራሹ አጨበጨበለት። እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ዒድ ሁለት ቀን ሲቀረው አዴር ለወንድማቸው ደብዳቤ ጻፍልኝ ብለው ጠሩኝ። ጨርቁ እስከ ጣራ ተከምሯል። ቢሆንም ወረቀቱን ስዘረጋ የጉዞ ቀናቸውን ሊነግሩት ይሆናል ብዬ ፈራሁ። በአጭር አማርኛቸው፣ ከስፌት መኪናው ሳይነሱ ነገሩኝ።

«አልመጣም በል።»

ጻፍኩ።

«አንተ ና በል። ለብቻዬ አልቻልኩትም።»